ፖስታው የመጣ ቀን፦ እንግሊዝ ልጆቿን በ11 ዓመታቸው የከፈለችበት ፈተና

(ዓ.ም. ካልተባለ በስተቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ጆን ፕሪስኮት የሚባል የእንግሊዝ ፖለቲከኛ ነበር። አባቱ የባቡር ሠራተኛ ነው። እሱም በወጣትነቱ በመንገደኞች መርከብ ላይ አስተናጋጅ ሆኖ ሠርቷል። ከዚያ በሠራተኛ ማኅበር በኩል ወደ ፖለቲካ ገባ፤ የፓርላማ አባል ሆነ፤ በመጨረሻም ከ1997 እስከ 2007 ድረስ የቶኒ ብሌር ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ አገለገለ። አሥር ዓመት ሙሉ የአገሪቱ ሁለተኛ ሰው ነበር ማለት ነው።

ይህ ሰው ደጋግሞ የሚያወራት አንዲት የልጅነት ታሪክ ነበረችው። ልጅ ሳለ የሚወዳት ልጅ ነበረች። ሁለቱም ያን የ11 ዓመት ፈተና ተፈተኑ። እሷ አለፈች፤ እሱ ወደቀ። እሷ ወደ አንደኛው ትምህርት ቤት፣ እሱ ወደ ሌላኛው ሄዱ። የፍቅር ደብዳቤ ጻፈላት። ደብዳቤው ተመልሶ መጣለት፤ የፊደል ስሕተቱ ታርሞ።

ልብ በሉ። ይህ ሰው በኋላ ኦክስፎርድ በሚገኝ የሠራተኞች ኮሌጅ ተምሯል፤ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቋል፤ ሚኒስትር ሆኗል። ያቺ ደብዳቤ ግን ከውስጡ አልወጣችም። ፓርላማ ውስጥ ሲናገር ከተቃዋሚው ወገን አንዳንዶቹ የድሮ የአስተናጋጅነት ሥራውን እያነሡ መጠጥ እንደሚያዝዙ ሆነው ይቀልዱበት ነበር። በ11 ዓመቱ የወደቀ ሰው ስድሳ ዓመት ሲሞላውም እንደወደቀ ሊቆጠር ይችላል።

ዛሬ ስለዚህ ፈተና ላወጋችሁ ነው። ጉዳዩ የእንግሊዝ ነው፤ ዘመኑም ከሰባና ሰማንያ ዓመት በፊት የጀመረ ነው። ነገር ግን ጥያቄው አላረጀም፦ አንድ አገር ልጆቹን በፈተና ለይቶ ጥቂቱን ወደ ላይ፣ ብዙኃኑን ወደ ታች ሲልክ፣ በኋላ የዚያን ሥርዓት ታሪክ የሚነግረን ማን ነው?

◾ ፈተናው

ስሙ "ኢለቨን ፕላስ" ይባላል፤ "ከ11 በላይ" እንደማለት ነው። ልጆቹ አንደኛ ደረጃን ሊጨርሱ ሲሉ፣ በ10 ወይም በ11 ዓመታቸው ይወስዱታል። ሒሳብ አለ፤ እንግሊዝኛ አለ፤ ሦስተኛው ደግሞ የአእምሮ ችሎታ ይለካል የተባለ የጥያቄ ዓይነት ነው። ከእነዚህ አምስት ቃላት የማይመሳሰለው የቱ ነው? ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር ስንት ነው? ይህ ቃል በምሥጢር ፊደል እንዲህ ከተጻፈ ያኛው እንዴት ይጻፋል? ሒሳቡም ቢሆን ቀላል አልነበረም። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ገንዘብ በአሥር የሚቆጠር አይደለም፤ 12 ፔንስ አንድ ሺሊንግ፣ 20 ሺሊንግ አንድ ፓውንድ ነው። የአሥር ዓመት ልጅ ይህን በሰዓት ተገድቦ ያባዛል፣ ያካፍላል።

ከዚያ መጠበቅ ነው። በየቤቱ ፖስታ ይመጣል፤ በአንዳንድ ትምህርት ቤት ደግሞ ርእሰ መምህሩ ያለፉትን ልጆች ስም በሁሉም ፊት ያነባል። ያን ጊዜ ልጅ የነበሩ ሰዎች ትዝታቸውን ሲያወጉ ሁለት ነገር ደጋግሞ ይመጣል። አንዱ ፖስታው ነው። ሌላው ብስክሌት ነው። "ካለፍክ ብስክሌት እገዛልሃለሁ" የሚል ቃል በብዙ ቤት ተገብቷል። ስለዚህ በዚያ ወቅት መንገድ ላይ አዲስ ብስክሌት የሚነዳውን ልጅ ያየ ሰው ውጤቱን መጠየቅ አያስፈልገውም ነበር።

መንግሥት "ወደቀ" የሚለውን ቃል አይወደውም። በይፋ የሚባለው ልጁ "ለሚስማማው ትምህርት ቤት ተመደበ" ነው። በየመንደሩ ግን ማንም እንዲህ አላለም። አለፈ ወይም ወደቀ፤ ያው ነው። እኛም ቋንቋ ውስጥ እኮ ነገሩ ግልጽ ነው። ፈተና ያለፈ ሰው "አለፈ" ይባላል፤ ከችግር የወጣ ሰው ደግሞ "አለፈለት"። በሁለቱ ቃላት መካከል ያለችው ርቀት ሁለት ፊደል ብቻ ናት። የወደቀው ደግሞ ወደቀ ነው፤ በወደቀ ዛፍ ላይ ምሳር ይበዛል።

◾ ከየት መጣ?

ይህን ሥርዓት ክፉ ሰዎች ቁጭ ብለው ድሃን ለመጉዳት የፈጠሩት ከመሰለን ተሳስተናል። መነሻው በጎ ሐሳብ ነው፤ ታሪኩን አሳዛኝ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የእንግሊዝ ድሃ ልጅ ከአንደኛ ደረጃ በላይ የመማር ዕድሉ ጠባብ ነበር። "ግራመር ስኩል" የሚባሉት ትምህርት ቤቶች ላቲንና ሥነ ጽሑፍ፣ ሒሳብና ሳይንስ የሚያስተምሩ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲና ወደ ቢሮ ሥራ የሚያደርሱ ናቸው፤ ነገር ግን ያስከፍላሉ። በ1907 መንግሥት አንድ ደንብ አወጣ፦ ድጎማ የሚቀበሉ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከቦታቸው ሩብ ያህሉን ከአንደኛ ደረጃ ለሚመጡ ልጆች በነጻ እንዲሰጡ። ያን ነጻ ቦታ ለማግኘት መወዳደር የግድ ሆነ። ፈተናው ጨለማ ውስጥ የተከፈተች ጠባብ መስኮት ነበረች ማለት ነው።

የአእምሮ ችሎታ ፈተናውም እንዲሁ ነው። በ1921 ጎድፍሬይ ቶምሰን የተባለ ምሁር በሰሜን እንግሊዝ ለኖርዘምበርላንድ አውራጃ ፈተና አዘጋጀ። ለምን ቢባል፣ ከገጠር ትምህርት ቤቶች ለነጻ ትምህርት ውድድር የሚቀርቡት ልጆች ጥቂት ስለነበሩ ነው። መምህር ያላስተማረውን ልጅ በተማረው ልክ ብቻ ከለካነው ይጎዳል፤ ስለዚህ የተፈጥሮ ብልሃቱን እንለካ የሚል ሐሳብ ነው። የተደበቀውን የገበሬ ልጅ ፈልጎ ለማውጣት የተሠራ መሣሪያ ነበር። ቶምሰን በኋላ ወደ ኤድንበራ ሄዶ በዚያ የሚዘጋጁት ፈተናዎች በመላ እንግሊዝ ተሠራጩ።

ከዚያ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። ጦርነቱ ገና ሳያልቅ፣ በ1944፣ የወግ አጥባቂው ፓርቲ ሰው ራብ በትለር በቸርችል ጥምር መንግሥት ውስጥ ትልቁን የትምህርት ሕግ አጸደቀ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ለሁሉም ልጅ በነጻ ሆነ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እስከዚያ ድረስ አብዛኛው የእንግሊዝ ልጅ በ14 ዓመቱ ከአንደኛ ደረጃ ወጥቶ ወደ ፋብሪካ ወይም ወደ ማዕድን ጉድጓድ የሚገባ ነበር።

አሁን ግን አዲስ ጥያቄ ተነሣ። ሁሉም ልጅ ይማራል፤ ግን የት? ከሕጉ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ1943 የወጣ የኖርውድ ሪፖርት የሚባል ሰነድ ልጆች በተፈጥሯቸው ሦስት ዓይነት ናቸው ብሎ ነበር። አንዱ ዕውቀትን ለዕውቀትነቱ የሚወድ፤ ሁለተኛው ለቴክኒክ የሚሆን፤ ሦስተኛው ከሐሳብ ይልቅ የሚጨበጥ ነገር የሚቀናው። እንዲህም ሆኖ ሦስት ዓይነት ትምህርት ቤት ታሰበ፦ ግራመር፣ ቴክኒክ እና "ሰከንደሪ ሞደርን"። ሕጉ ራሱ ሦስቱን በስም አልጠቀሰም፤ ሥርዓቱን የዘረጉት መንግሥትና የየአካባቢው የትምህርት ባለሥልጣናት ናቸው። ከ1945 በኋላ ሥልጣን የያዘው የሌበር ፓርቲም ተቀበለው። የትምህርት ሚኒስትሯ ኤለን ዊልኪንሰን ራሷ ከማንችስተር ድሃ ቤተሰብ የወጣች፣ በነጻ ትምህርት ዕድል የተማረች ሴት ነበረች። እሷን ያሻገራትን ድልድይ ማፍረስ አልፈለገችም። ማን ይፈርድባታል?

◾ ሦስት በር ተብሎ ሁለት በር

ቃል የተገባው ሦስቱ ትምህርት ቤቶች እኩል ክብር እንደሚኖራቸው ነበር። አልሆነም።

ቴክኒክ ትምህርት ቤቶቹ ውድ ስለሆኑና መምህር ስለጠፋ ብዙም አልተሠሩም፤ ከተማሪው ውስጥ አምስት በመቶ እንኳ አልደረሱም። ስለዚህ በተግባር የቀረው ሁለት በር ነው። ከአራት ወይም ከአምስት ልጆች አንዱ ወደ ግራመር ይገባል፤ የተቀረው ወደ ሰከንደሪ ሞደርን።

ግራመር የገባው ልጅ አርማ ያለበት ኮትና ኮፍያ ይለብሳል፤ ላቲን ይማራል፤ በዲግሪ የተመረቁ መምህራን ያስተምሩታል፤ 16 ሲሞላው አገራዊ ፈተና፣ 18 ሲሞላው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ይጠብቀዋል። ሰከንደሪ ሞደርን የገባው ልጅ እንጨት ሥራና ብረት ሥራ፣ ሴት ከሆነች ምግብ ማብሰልና ስፌት ይበዛባቸዋል። የመልቀቂያ ዕድሜ ከ1947 ጀምሮ 15 ነበር። በ1951 "ኦ ሌቭል" የተባለው አገራዊ ፈተና ሲጀመር ደግሞ ዝቅተኛው ዕድሜ 16 ተባለ። አያችሁ ሒሳቡን? በ15 የሚወጣ ልጅ በ16 የሚሰጠውን ፈተና አይደርስበትም። አብዛኛው የአገሪቱ ልጅ አንዳች የምስክር ወረቀት ሳይኖረው ከትምህርት ቤት ወጣ። ችሎታ የለውም ተብሎ የተመደበው ልጅ ችሎታ እንዳለው የሚያሳይበት መድረክም አልተሰጠውም።

"በኋላ ያሳየ ልጅ በ13 ዓመቱ ይዛወራል" የሚል ቃል ነበር። የተዛወሩት እጅግ ጥቂት ናቸው።

◾ ሚዛኑ ራሱ ሲመዘን

ፈተናው ፍትሐዊ ነው የተባለው ለሁሉም አንድ ስለሆነ ነው። ግን አንድ ነበር? ሦስት ነገር ላሳያችሁ።

አንደኛ፣ ቦታው። ግራመር ትምህርት ቤቶች የተሠሩት በተለያየ ዘመን በተለያየ ምክንያት ስለሆነ ብዛታቸው ከአካባቢ አካባቢ ይለያያል። በአንዱ አውራጃ ከሦስት ልጅ አንዱ ይገባል፤ በሌላው ከአሥር አንዱ። ስለዚህ አንድ ዓይነት ውጤት ያመጡ ሁለት ልጆች፣ አንዱ ከወንዙ ወዲህ አንዱ ከወንዙ ወዲያ ስለተወለደ ብቻ፣ አንዱ ላቲን ሌላው እንጨት ሥራ ይማራል። ፈተናው የሚለካው የልጁን ጭንቅላት ነው ተባለ፤ የሚወስነው ግን ያሉት ወንበሮች ቁጥር ነው።

ሁለተኛ፣ ሴቶች። በ11 ዓመት ዕድሜ ሴቶች ልጆች በአማካይ ከወንዶቹ የተሻለ ውጤት ያመጣሉ። በውጤት ብቻ ቢሄድ ግራመር ውስጥ ሴቶቹ ይበዙ ነበር። እናም ብዙ የአካባቢ ባለሥልጣናት ለሴቶች ከፍ ያለ፣ ለወንዶች ዝቅ ያለ ማለፊያ ነጥብ አወጡ። ልጅቷ ግን ይህን ማን ይነግራታል? "ወደቅሽ" ብቻ ተባለች። ጉዳዩ ከብዙ ዓመት በኋላ ፍርድ ቤት ደርሷል። በ1989 የእንግሊዝ ከፍተኛው የፍርድ አካል፣ የበርሚንግሃም ከተማ ለወንዶች ከሴቶች የበለጠ የግራመር ቦታ መያዙ ሕገ ወጥ ነው ብሎ ወሰነ። ያን ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ተፈታኝ ሴቶች አያቶች ሆነዋል።

ሦስተኛ፣ ሳይንሱ። በ1957 የአገሪቱ የትምህርት ጥናት ተቋም ባወጣው ጥናት፣ ፈተናው በተቻለ መጠን ጥሩ ሆኖ ቢሰጥ እንኳ ከአሥር ልጆች አንዱ ያለቦታው እንደሚመደብ ገመተ። ይህ በየዓመቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ልጅ ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያዎችም፣ የተፈጥሮ ችሎታን ብቻ ይለካል የተባለው ፈተና በልምምድና በአስጠኚ ውጤቱ ከፍ እንደሚል አሳዩ። አስጠኚ የሚቀጥረው ማን ነው? ገንዘብ ያለው ነው።

እዚህ ላይ ሲሪል በርት የሚባል ሰው መጥቀስ ግድ ነው። የአገሪቱ እጅግ የተከበረ የሥነ ልቦና ሊቅ ነበር፤ በ1946 "ሰር" ተብሏል። ብልህነት በአብዛኛው በዘር የሚወረስ ነው የሚለው ትምህርቱ የዚህ ሁሉ ሥርዓት መደገፊያ ሆኖ አገልግሏል። ማስረጃው ተለያይተው ያደጉ መንትዮች ላይ ሠራሁት ያለው ጥናት ነው። በ1955 መንትዮቹ 21 ጥንድ ነበሩ፤ በ1966 ወደ 53 አደጉ። በመንትዮቹ መካከል ያለውን መመሳሰል የሚያሳየው ቁጥር ግን እስከ ሦስተኛዋ ነጥብ ድረስ አልተነቃነቀም፦ 0.771። አዳዲስ ሰዎች ሲጨመሩ ቁጥር ትንሽ እንኳ አለመነቃነቁ የማይታመን ነው። በርት በ1971 ከሞተ በኋላ ተቺዎች ይህን አወጡ፤ በ1976 ጋዜጣ ላይ በማጭበርበር ተከሰሰ፤ በ1979 የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ምሁርም ክሱ እውነት ነው ብሎ ደመደመ። በኋላ የተከራከሩለት ሰዎችም አሉ። ያም ሆነ ይህ፣ በ0.771 ላይ ቤት መሥራት እንደማይቻል ሁሉም ተስማምቷል። ግን ቤቱ ተሠርቶ ልጆች ኖረውበት አልፈዋል።

◾ ያለፉትስ?

ፍትሐዊ እንሁን። ለብዙ የድሃ ልጅ ግራመር ስኩል እውነተኛ በር ነበር። ከ1964 እስከ 1997 እንግሊዝን የመሩት አምስት ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ ዊልሰን፣ ሂዝ፣ ካላሃን፣ ታቸር እና ሜጀር፣ ሁሉም ሀብታም ከሚማርበት የግል ትምህርት ቤት ያልወጡ ናቸው። ታቸር የግሮሰሪ ነጋዴ ልጅ ናት። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ነገር በተከታታይ አልታየም። ይህን ማቃለል ታሪክን መካድ ነው።

ቢትልሶችን የማያውቅ የለም። ከአራቱ ሦስቱ፣ ሌነን፣ ማካርትኒ እና ሃሪሰን፣ ፈተናውን አልፈው ግራመር የገቡ ናቸው። ማካርትኒና ሃሪሰን የተዋወቁት ወደዚያው ትምህርት ቤት በሚወስደው አውቶቡስ ላይ ነው። አራተኛው፣ ሪንጎ ስታር፣ በስድስት ዓመቱ በጠና ታሞ ለረጅም ጊዜ ሆስፒታል ተኛ፤ ከትምህርት ወደኋላ ቀረ፤ ሰከንደሪ ሞደርን ገባ። የጭንቅላት ጉዳይ አልነበረም። የሆድ ሕመም ነበር።

ያለፉትም ቢሆኑ በነጻ አላለፉም። ሪቻርድ ሆጋርት በሊድስ ድሃ ሰፈር ወላጆቹን በሞት አጥቶ ያደገ፣ በትምህርት የወጣ ምሁር ነው። በ1957 ባሳተመው መጽሐፉ የዚህን ዓይነት ልጅ ሁኔታ ገልጿል፦ ከተወለደበት ሰፈር ተነቅሎ በደረሰበትም ያልተተከለ። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ ቤተሰቡ በሚያወራበት መካከል፣ ጆሮውን ዘግቶ የሚያጠና ልጅ። በ1962 ደግሞ ብራያን ጃክሰንና ዴኒስ ማርስደን የተባሉ ሁለት ሰዎች፣ ራሳቸው ከሐደርስፊልድ የሠራተኛ ቤተሰብ የወጡ፣ እንደ እነሱ ግራመር የገቡ የ88 የሠራተኛ ልጆችን ታሪክ ሰብስበው አሳተሙ። ያገኙት ነገር ያስገርማል። ብዙዎቹ ከወላጆቻቸው ጋር የሚነጋገሩበት ቋንቋ ጠፍቶባቸዋል። ከዚያ በላይ ደግሞ፣ ብዙዎቹ ያሳለፋቸውን ሥርዓት አጥብቀው የሚደግፉ ሆነዋል።

እዚህች ነጥብ ላይ ቆም በሉልኝ። የዛሬው ጽሑፌ ፍሬ ነገር እሷ ናት።

ፈተናው የለየው ልጆችን ብቻ አይደለም። ወደፊት የሚናገሩትንም ለይቷል። ያለፉት ጋዜጠኛ፣ ደራሲ፣ ፕሮፌሰር፣ የፓርላማ አባል ሆኑ። ትዝታቸውን የሚጽፉበት ብዕርና ዓምድ አገኙ። ስለዚህ የግራመር ስኩል ትዝታ በብዛት ይጻፋል፦ ጥብቁ መምህር፣ ላቲኑ፣ ሕይወቴን የቀየረው መጽሐፍ። የወደቁት ግን አናጺ፣ የሱቅ ሠራተኛ፣ የአውቶቡስ ሹፌር ሆኑ፤ ማንም ጽፉልን አላላቸውም። ደግሞስ ውድቀቱን ማን ያወራል? አንዳንዱ ለልጆቹ እንኳ ሳይነግር ሞተ። እንደ ፕሪስኮት ያለ ወድቆም መድረክ ያገኘ ሰው ሲናገር ብቻ የሌላው ዝምታ ምን ያህል እንደነበር ይታወቃል።

◾ ማን ጣለው?

ሥርዓቱን የጣለው የድሃው እንባ ቢሆን ደስ ባለን። ነገር ግን ከጣሉት ዋነኞቹ የመካከለኛው መደብ ወላጆች ናቸው።

ከጦርነቱ በኋላ የተወለዱት ልጆች ቁጥር በዛ፤ የግራመር ቦታ ግን በዚያው ልክ አልጨመረም። የመምህሩ፣ የባንክ ሠራተኛው፣ የባለሱቁ ልጅ መውደቅ ጀመረ። በጣም ሀብታሙ መውጫ አለው፤ ልጁ ቢወድቅ ከፍሎ የግል ትምህርት ቤት ያስገባዋል። የታወቀው የልጆች መጽሐፍ ደራሲ ማይክል ሞርፐርጎ ይህን ፈተና ከወደቁት አንዱ ነው፤ የተማረው ግን በግል አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። መክፈል የማይችለው የመካከለኛ ገቢ ወላጅ ግን ተናደደ። እሱ ደግሞ ድምፅ ይሰጣል፤ ለምክር ቤት አባሉ ደብዳቤ ይጽፋል።

በ1958 ማይክል ያንግ የተባለ የማኅበረሰብ ጥናት ሰው አንድ የሽሙጥ መጽሐፍ አወጣ። ወደፊት ሁሉም ነገር በችሎታ ብቻ የሚሰጥባትን እንግሊዝ አስቦ ነው። "ሜሪቶክራሲ" የሚለውን ቃል ያሠራጨውም ይህ መጽሐፍ ነው። ያንግ ያለው በአጭሩ ይህ ነው፦ በድሮው ዘመን ድሃ የሆነ ሰው "ዕድል ነሣኝ" ይላል፤ ክብሩ ግን አለ። በፈተና የተለየ ሰው ግን ምን ይበል? ሥርዓቱ "ዕድል ሰጥተንህ ነበር፤ አንተ ግን አልሆንክም" ይለዋል። ከላይ ያለውም በአያቱ ሀብት ሳይሆን በራሱ ብልሃት የደረሰ ስለሚመስለው ለታችኛው አያዝንም። ያንግ ያስጠነቀቀበት ቃል በኋላ የፖለቲከኞች ማወደሻ ሆነ። እሱም በ2001 በእርጅናው ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ቅሬታውን ገለጸ።

በ1965 የሌበሩ የትምህርት ሚኒስትር አንተኒ ክሮስላንድ የአካባቢ ባለሥልጣናት ሁሉንም ልጅ ሳይለይ የሚቀበል ትምህርት ቤት ለማቋቋም ዕቅድ እንዲያቀርቡ በሰርኩላር ጠየቀ። ከ1970 እስከ 1974 የትምህርት ሚኒስትር የነበረችው ማርጋሬት ታቸር ሰርኩላሩን ሰረዘችው። ሆኖም ከየአካባቢው የሚመጣው ጥያቄ የማይቆም ስለነበር፣ ከማንም የትምህርት ሚኒስትር ይልቅ ብዙ ያልተለዩ ትምህርት ቤቶች የጸደቁት በእሷ ፊርማ ነው። የግራመር ልጅ የግራመሮቹን መዝጊያ ፈረመች። በ1964 ወደ 1,300 የሚጠጉ ግራመር ስኩሎች ነበሩ። ዛሬ በእንግሊዝ የቀሩት 163 ናቸው።

◾ የቀረው ናፍቆት

እነዚያ 163ቱ አሁንም አሉ፤ በኬንት፣ በበኪንግሃምሸር፣ በሊንከንሸርና በሌሎች ጥቂት ቦታዎች ልጆች ዛሬም ይፈተናሉ። አዲስ መክፈት በ1998 በወጣ ሕግ ተከልክሏል። በ2016 ጠቅላይ ሚኒስትር ተሬዛ ሜይ ክልከላውን ላነሣ ነው ብላ ነበር፤ በ2017ቱ ምርጫ አብላጫዋን ስታጣ ሐሳቡም ቀረ። የክርክሩ መነሻ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ "ድሮ የድሃ ልጅ በግራመር ያልፍለት ነበር።"

እውነት ነው? ቪኪ ቦሊቨርና አዳም ስዊፍት የተባሉ ተመራማሪዎች በ1958 በአንድ ሳምንት ውስጥ የተወለዱና ዕድሜ ልካቸውን ጥናት ሲከታተላቸው የኖሩ ሰዎችን መረጃ ወሰዱ። ከእነዚህ ውስጥ ገሚሱ የተማሩት ልጅ በሚለይበት ሥርዓት፣ ገሚሱ በማይለይበት ነው። ውጤቱ በ2011 ወጣ። ግራመር የገቡት ጥቂት ድሆች በእርግጥ ተጠቅመዋል፤ ነገር ግን ሰከንደሪ ሞደርን የገቡት ብዙኃን በዚያው ልክ ተጎድተዋል። ሲደመር የሚለየው ሥርዓት ከማይለየው የበለጠ ሰው ከታች ወደ ላይ አላወጣም። ያ ዘመን ብዙ ሰው ያለፈለት፣ የቢሮና የሙያ ሥራ በአገሪቱ ስለበዛ ነው። ወንበሩ ሲጨምር የሚቀመጠውም ይጨምራል።

ዛሬስ? በ2013 የሰተን ትረስት ባወጣው ጥናት፣ ወደ ግራመር ከሚገቡት ልጆች በድህነት ምክንያት ነጻ ምሳ የሚያገኙት ከ3 በመቶ በታች ናቸው። 13 በመቶ ገደማ ደግሞ ከመንግሥት ትምህርት ቤት ውጭ፣ በአብዛኛው ከከፋይ የግል ትምህርት ቤት የመጡ ናቸው። የገበሬውን ልጅ ፈልጎ ለማውጣት የተሠራው መሣሪያ የከፋዩን ልጅ የሚያስገባ ሆኖ ቀረ።

ለማመዛዘን አንድ ነገር ልጨምር። የማይለየው ትምህርት ቤትም ገነት አልሆነም። ጥሩ ትምህርት ቤት ያለበት ሰፈር የቤት ዋጋ ይወደዳል፤ ፈተናው ቢቀር ገንዘብ ራሱ ፈታኝ ይሆናል። ልዩነቱ አንድ ነው፦ በሰፈሩ ምክንያት የቀረ ልጅ "ጭንቅላትህ አይችልም" የሚል ደብዳቤ አልደረሰውም።

◾ ወደ እኛ

ይህ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ አይደለም። በ1946 የብሪቲሽ ካውንስል በአዲስ አበባ የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤትን ሲከፍት ያመጣው ያንኑ የእንግሊዝ ሐሳብ ነው፦ ከመላ አገሪቱ ጥቂት ብሩህ ልጆችን መርጦ፣ በአዳሪነት አስቀምጦ፣ በለንደን ፈተና ለክቶ ማውጣት። ከዚያ ታላላቅ ሰዎች ወጥተዋል። የዊንጌትን ትዝታ ስንት ጊዜ ሰምተናል! ለዊንጌት ሳይመረጡ የቀሩትን ልጆች ትዝታስ? እኔ አልሰማሁም።

"ሚኒስትሪ" የተፈተናችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ስማችሁን የተለጠፈው ወረቀት ላይ በጣት ስትፈልጉ። ቅርብ የሆነውን ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ወደ 900 ሺህ ከሚጠጋ ተፈታኝ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ወደ 30 ሺህ ነው፤ 3.3 በመቶ። ፈተናው ከእንግሊዙ ይለያል፤ የ11 ዓመት ልጅና የ18 ዓመት ወጣት አንድ አይደሉም፤ ኩረጃን ማስቆምም ተገቢ ነው። የተከራከርነው ግን ስለምን ነበር? ስለ 3.3ቱ። ያለፉት ተሸለሙ፤ ትምህርት ቤቶቻቸው ተመሰገኑ። የቀሩት 96.7 በመቶ በየቤታቸው ገቡ። የማን ውድቀት እንደሆነ፣ የልጆቹ ወይስ መምህርና መጽሐፍ ሳያቀርብ ፈተና ያቀረበው ሥርዓት፣ አጥብቆ የጠየቀ ጥቂት ነው።

ከእንግሊዝ የምንማረው ፈተና ይቅር ማለትን አይደለም። ፈተና ያስፈልጋል። ነገር ግን አንድን ሥርዓት ስንመዝን ያለፉትን ብቻ አንጠይቅ። ያለፈ ሰው ድልድዩን ያመሰግናል፤ ወንዙ የወሰደውን አያይም። እንግሊዞች ይህን ለመረዳት ሃያ ዓመት ፈጅቶባቸዋል፤ በዚያ ሃያ ዓመት ውስጥ ያለፈው ትውልድ ደግሞ አልተመለሰም።

ሠፈራችሁ ውስጥ፣ ቤታችሁ ውስጥ፣ ወድቆ ዝም ያለ ሰው ይኖራል። ዛሬ እስኪ ጠይቁት። በየት ትምህርት ቤት፣ በማን ተምሮ፣ ምን ሊሆን አስቦ እንደነበር። የጎደለው የታሪክ ገጽ እሱ ጋ ነው ያለው።

ቸር እንሰንብት።